የመስኮት አስተዳዳሪውን ገድለን እንየው፦ የሊኑክስ ስክሪን ከውስጥ

ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰው ስክሪኑን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያየው። መስኮት ይከፍታል፣ በራስጌው ይዞ ይጎትታል፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ምልክት ነክቶ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያከናውን አንድ ፕሮግራም ከጀርባ ያለ ይመስለዋል። የለም። ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው አንዱ ነው፤ መስኮቱን ከቦታ ቦታ የሚያዛውረው ሌላ ነው፣ የመስኮት አስተዳዳሪ ይባላል፤ በመስኮቱ ውስጥ ያለውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ሦስተኛ ነው። አንዱ ሲሞት ሌሎቹ በሕይወት ሊቀጥሉ የሚችሉትም ለዚህ ነው።

ይህን አንብቦ ብቻ መረዳት አድካሚ ነው። ስለዚህ በስክሪናችን ውስጥ ሌላ ትንሽ ስክሪን ከፍተን እንሞክረዋለን። መጀመሪያ ያለ አስተዳዳሪ ምን እንደሚመስል እናያለን፤ ከዚያ አስተዳዳሪ እንቀጥራለን፤ በመጨረሻም እንገድለዋለን። ዋናው የሥራ ስክሪንዎ አይነካም።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጽፋቸው በድምፃቸው፣ በራሳችን ፊደል ነው፤ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ በተርሚናሉ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይተየባሉ። አጻጻፉ በሚያሳስትበት ቦታ ፊደል በፊደል እነግርዎታለሁ። ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለያይም አይርሱ።

ማን ምን ይሠራል

የምንሞክረው ሥርዓት ኤክስ ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን ‹ደብሊው› የተባለ ሥርዓት መነሻ አድርገው ሠሩት፤ በላቲን ፊደል ተራ ከደብሊው ቀጥሎ ያለው ኤክስ ስለሆነ ስሙ በዚያው ጸና። ዛሬም የምንጠቀምበት 11ኛው ፕሮቶኮል የወጣው በ1987 ነው። ተቋሙ ውስጥ የተለያዩ ፋብሪካዎች ኮምፒውተሮች ስለነበሩ፣ አንዱ ማሽን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም መስኮቱን በኔትወርክ በኩል በሌላው ማሽን ላይ እንዲያሳይ ይፈለግ ነበር። የዛሬው አሠራር ቅርጹን ያገኘው ከዚህ ፍላጎት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰርቨር ሲባል ሩቅ ቦታ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ትልቅ ማሽን ይታሰበናል። በኤክስ ግን ሰርቨሩ ያለው እርስዎ ፊት ለፊት ነው፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የያዘው ፕሮግራም እሱ ነው። ደንበኞቹ ደግሞ ፕሮግራሞቹ ናቸው፦ ብራውዘሩ፣ ተርሚናሉ፣ ሰዓቱ። ‹ይህን ያህል ስፋት ያለው መስኮት ስጠኝ›፣ ‹እዚህ ጋ መስመር አስምርልኝ› እያሉ ይጠይቃሉ። ሰርቨሩ በበኩሉ ‹ቁልፍ ተነክቷል›፣ ‹ማውሱ ወደ መስኮትህ ገብቷል› እያለ ያሳውቃቸዋል።

የመስኮት አስተዳዳሪውስ? እሱም ደንበኛ ነው። የተለየ ሥልጣን ይዞ የተወለደ የሥርዓቱ አካል አይደለም፤ እንደ ሰዓቱ ሁሉ ከሰርቨሩ ጋር ግንኙነት ፈጥሮ የሚሠራ ተራ ፕሮግራም ነው። የሰርግ ድንኳን ያስቡ። ከተጋባዦቹ አንዱ ብድግ ብሎ ‹ማን የት እንደሚቀመጥ እኔ አስተናብራለሁ› ሲል ባለቤቱ ይፈቅድለታል። ከዚያ በኋላ የሚገባ ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ሁለተኛ ሰው ተነሥቶ ‹እኔም› ቢል ግን ቦታው ተይዟል ይባላል። የኤክስ አስተዳዳሪም ልክ እንዲህ ነው የሚሾመው፤ እንዴት እንደሆነ ከታች በዓይናችን እናያለን።

አንድ፦ የት እንዳሉ ይወቁ

ተርሚናል ከፍተው ‹ኢኮ $ኤክስዲጂ_ሴሽን_ታይፕ› ብለው ይጻፉ፤ ከዶላር ምልክቱ በኋላ ያለው ሁሉ በትልቅ ፊደል ነው። መልሱ ‹ኤክስ11› ወይም ‹ዌይላንድ› ይሆናል። ከኤክስ በኋላ የመጣው አዲሱ ሥርዓት፣ ዌይላንድ ቢልዎትም ሙከራው ይሠራል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ‹ኢኮ $ዲስፕሌይ› ይበሉ፤ ይህም በትልቅ ፊደል ነው። ‹:0› ወይም ‹:1› የሚል ያገኛሉ። ይህ ቁጥር የሰርቨሩ አድራሻ ነው። ማንኛውም የኤክስ ፕሮግራም ሲነሣ በመጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው፤ ባዶ ከሆነ ስክሪን መክፈት አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ‹ከርቀት ማሽን ፕሮግራም ከፈትኩ፣ አልታይ አለኝ› የሚሉ አቤቱታዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ይህች ባዶ ቦታ ናት።

ሁለት፦ መሣሪያዎቹን ይጫኑ

በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ‹ሱዶ አፕት ኢንስቶል› ካሉ በኋላ እነዚህን ጥቅሎች ይዘርዝሩ፦ ኤክስሰርቨር-ዜፈር፣ ኤክስ11-አፕስ፣ ኤክስ11-ዩቲልስ፣ ኤክስተርም፣ ቲደብሊውኤም፣ ኦፕንቦክስ። በመካከላቸው ክፍት ቦታ እንጂ ነጠላ ሰረዝ አይገባም። ዜፈር የሚጻፈው በላቲን ኤክስ፣ ኢ፣ ፒ፣ ኤች፣ ዋይ፣ አር ነው።

ዜፈር እንግዳ ፍጥረት ነው። ለውስጠኛዎቹ ፕሮግራሞች ሙሉ ሰርቨር ነው፤ ለውጭኛው ስክሪንዎ ግን እንደማንኛውም ደንበኛ አንድ መስኮት ብቻ ነው። ለመማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ሦስት፦ ባዶውን ድንኳን ይትከሉ

‹ዜፈር :5 -ስክሪን 1000ኤክስ700 &› ብለው ያስነሡ፤ ዜፈር የሚለው በትልቅ ኤክስ ይጀምራል። ቁጥር 5ን የመረጥኩት 0 እና 1 ብዙ ጊዜ ስለሚያዙ ነው። ጥቁር ባዶ መስኮት ይከፈታል። ይህ ጥቁር ሜዳ የሥር መስኮት ይባላል፤ ሌሎቹ መስኮቶች ሁሉ የሱ ልጆች ይሆናሉ።

አሁን ከዚያው ከመጀመሪያው ተርሚናልዎ ‹ዲስፕሌይ=:5 ኤክስተርም &› ይበሉ። ነጭ ተርሚናል በላይኛው ግራ ጥግ ተለጥፎ ይወጣል። ራስጌ የለውም፣ ጠርዝ የለውም፣ መዝጊያ የለውም። ለመጎተት ይሞክሩ፤ የሚያዝ ነገር አያገኙም። ቀጥለው ‹ዲስፕሌይ=:5 ኤክስክሎክ &› ይበሉ። ሰዓቱም እዚያው ጥግ ላይ፣ በተርሚናሉ ላይ ተደርቦ ይቀመጣል። ማንም ወዲያ በል አላለውምና። በ‹ዲስፕሌይ=:5 ኤክስተርም -ጂኦሜትሪ +400+200 &› ሦስተኛ ቢያስነሡ ግን በጠየቀው ቦታ ይቀመጣል፤ ሰርቨሩ የተጠየቀውን ያደርጋል እንጂ አይመርጥም።

ማውሱን ወደ አንዱ ተርሚናል አስገብተው ይተይቡ። ጽሑፉ ማውሱ ባለበት መስኮት ውስጥ ይገባል፤ ማውሱን ሲያወጡ ይቆማል። ትኩረት የሚባለውን ነገር የሚያከፋፍል ሰው ከሌለ ነባሪው ደንብ ይኸው ነው።

በአንዱ ኤክስተርም ውስጥ እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች በየጊዜው እያደሰ የሚዘረዝረውን ‹ቶፕ› የሚለውን ትእዛዝ አስነሥተው እንዲሠራ ይተዉት። የሕይወት ምልክታችን ይሆናል። ሳይታሰብ ማውስዎ ውስጥ ታስሮ መውጣት እምቢ ካለ ደግሞ ኮንትሮልና ሺፍትን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ዜፈር ማውሱንና ኪቦርዱን የሚያስረውም የሚፈታውም በእነዚህ ሁለት ቁልፎች ነው።

አስተዳዳሪው ከመምጣቱ በፊት አንድ ፎቶግራፍ እናንሣ። ‹ዲስፕሌይ=:5 ኤክስዊንኢንፎ -ሩት -ትሪ› ይበሉ። የመስኮቶቹን የዘር ሐረግ ይዘረዝርልዎታል፤ ኤክስተርምና ኤክስክሎክ በቀጥታ ከሥር መስኮቱ እንደተወለዱ ያያሉ። ውጤቱን አስቀምጡት፤ እንመለስበታለን።

አራት፦ አስተዳዳሪ ይቅጠሩ

‹ዲስፕሌይ=:5 ቲደብሊውኤም &› ይበሉ። ቶም ላስትሬንጅ በ1987 የጻፈው፣ መልኩ የዚያ ዘመን የሆነ አስተዳዳሪ ነው። ለዕለት ሥራ አልመክረውም። ለትምህርት ግን ይመረጣል፤ የሚሠራውን ሁሉ ሳይደብቅ ይሠራልና።

መስኮቶቹ ባሉበት ቆመው ራስጌ ለበሱ። በራስጌው ይዘው ቢጎትቱ ይንቀሳቀሳሉ። በግራ ያለችው ምልክት መስኮቱን ወደ ትንሽ አዶ ታጥፈዋለች፣ በቀኝ ያለችው መጠኑን ትቀይራለች። የመዝጊያ ምልክት የለም፤ ባዶው ሜዳ ላይ የግራውን የማውስ ቁልፍ ተጭነው ከሚወጣው ዝርዝር ነው የሚዘጋው። አዲስ ፕሮግራም ቢያስነሡ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ባዶ ክፈፍ ማውስዎን እየተከተለ ይዞራል፣ ጠቅ ያደረጉበት ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ምሥጢሩን ታወጣለች። አዲሱ ፕሮግራም ሰርቨሩን ‹መስኮቴን አሳይልኝ› ብሎ ጠይቋል። ሰርቨሩ ግን አላሳየውም፤ ጥያቄውን ለቲደብሊውኤም አሳለፈው። ቲደብሊውኤም ሲነሣ ‹የሥር መስኮቱን ልጆች በሚመለከት የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ በእኔ በኩል ይለፍ› ብሎ ተመዝግቧልና። ሹመት ማለት ይህች ምዝገባ ናት፤ ሰርቨሩ የሚሰጣት ለአንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ያንኑ ትእዛዝ ደግመው ይስጡ፦ ሁለተኛው ቲደብሊውኤም ሌላ አስተዳዳሪ አለ ብሎ ይወጣል።

አሁን የዘር ሐረጉን ትእዛዝ ደግመው ከመጀመሪያው ጋር ያነጻጽሩ። ኤክስተርም ከእንግዲህ የሥሩ ልጅ አይደለም፤ የልጅ ልጅ ሆኗል። አስተዳዳሪው ራስጌ ያለው ክፈፍ ፈጥሮ፣ የኤክስተርምን መስኮት አንሥቶ በክፈፉ ውስጥ አኑሮታል። ራስጌው የኤክስተርም ገላ አይደለም፤ ከውጭ የተደረበለት ካባ ነው። ፕሮግራሙ ቢደነዝዝ እንኳን መስኮቱን በራስጌው ይዘው መጎተት የሚችሉት ለዚህ ነበር። ነበር ያልኩት ዛሬ ዛሬ ራስጌያቸውን ራሳቸው የሚሥሉ ፕሮግራሞች ስለበዙ ነው፤ በእኔ አስተያየት ማማር ተገኘ፣ ምቾት ጠፋ።

በአስተዳዳሪው በኩል የማያልፉም አሉ። በኤክስተርም ውስጥ ኮንትሮልን ይዘው የግራውን የማውስ ቁልፍ ይጫኑ። የሚወጣው ዝርዝር ራስጌ አልለበሰም። እንዲህ ያሉ ብልጭ ብለው የሚጠፉ መስኮቶች ‹አስተዳዳሪ አያስፈልገኝም› የሚል ምልክት ይዘው ስለሚመጡ ሰርቨሩ በቀጥታ ያሳልፋቸዋል።

አዘጋጉም ስምምነት አለበት። ‹ዲስፕሌይ=:5 ኤክስፕሮፕ› ብለው ኤክስተርሙ ላይ ጠቅ ያድርጉ። ከሚዘረዘሩት መካከል የመሰረዝ መልእክት እቀበላለሁ የሚል መስመር አለ። አስተዳዳሪው መዝጊያ ሲነካ ይህን አይቶ ‹እባክህ ዝጋ› ይለዋል እንጂ አይገድለውም። የጽሑፍ ፕሮግራምዎ ‹ሳታስቀምጥ ልትወጣ ነው?› ብሎ የመጠየቂያ ዕድል የሚያገኘው በዚህች ጨዋነት ነው።

አምስት፦ ግድያው

አንዱን መስኮት ወደ አዶ አጥፈው ያስቀምጡ። ከዚያ በዋናው ተርሚናል ‹ፒኪል -9 ቲደብሊውኤም› ይበሉ።

ራስጌዎቹ ጠፉ። ካባቸው ተገፈፈ። መስኮቶቹ ግን አሉ፤ ‹ቶፕ› ቁጥሮቹን መቀያየሩን አላቆመም፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። ታጥፎ የነበረው መስኮት እንኳን ተመልሶ ተዘርግቷል። አስተዳዳሪው መስኮቶቹን በክፈፍ ሲያኖር ስማቸውን በአደራ መዝገብ ለሰርቨሩ አስመዝግቦ ነበር፤ ‹እኔ ብሞት እነዚህን ወደ ሥራቸው መልስልኝ› እንደማለት። ሰርቨሩ አደራውን ጠበቀ።

አሁን ‹ዲስፕሌይ=:5 ኦፕንቦክስ &› ይበሉ። ይህ ሌላ የመስኮት አስተዳዳሪ ነው፤ እነዚያው መስኮቶች ሌላ ልብስ ለብሰው፣ መዝጊያ ምልክት ጨምረው ይነሣሉ። ‹ቶፕ› አሁንም አልተቋረጠም። አለቃ ተቀየረ፣ ሠራተኛው ወሬውንም አልሰማም።

በዚሁ መንገድ ሌሎችንም መሞከር ይቻላል። አይ3 መስኮቶችን ሳይደራርብ እንደ ንጣፍ ያሰልፋል። ዲደብሊውኤም ደግሞ ኮዱ ከ2000 መስመር እንዳያልፍ ሠሪዎቹ ራሳቸውን የገደቡበት ነው። ማህደረ ትውስታው ትንሽ የሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ካለዎት፣ ከባዱን ዴስክቶፕ ትተው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማስነሣት ማሽኑን በእጅጉ ያቀልለታል።

ስድስት፦ የራስዎን ስክሪን ይገንቡ

እስካሁን ያየነውን በዋናው ስክሪን ላይ የሚያቀናጅ አንድ ፋይል አለ። በቤት ማህደርዎ ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ከዚያ ኤክስ፣ አይ፣ ኤን፣ አይ፣ ቲ፣ አር፣ ሲ ተብሎ የሚጻፍ ፋይል ይፍጠሩ። በውስጡም እነዚህን መስመሮች ያስገቡ፦

ኤክስሴትሩት -ሶሊድ ግሬይ
ኤክስክሎክ &
ኤክስተርም &
ኤግዜክ ኦፕንቦክስ

ኤክስኢኒት የሚባለው ጥቅል መጫኑን ካረጋገጡ በኋላ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭነው ወደ ጽሑፍ ስክሪን ይሂዱ፤ ይግቡና ‹ስታርትኤክስ› ይበሉ። ሰርቨሩ ይነሣል፣ ከዚያ ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይፈጸማል።

የ‹&› ምልክቷ ነገር ግን ቀላል አይደለችም። ‹ይህን ከጀርባ አስነሥተህ ወደሚቀጥለው እለፍ› ማለት ናት። ከኤክስክሎክ በኋላ ብትረሱ ፋይሉ ሰዓቱ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ይቆማል፤ ተርሚናሉም አስተዳዳሪውም አይመጡም። በመጨረሻው መስመር ላይ ብትጨምሩ ደግሞ ፋይሉ ወዲያው ያልቃል፤ ፋይሉ ሲያልቅ ሰርቨሩም አብሮ ይዘጋል። እኔ በጀማሪነቴ የሠራሁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ወደ ጽሑፉ ሲመለስብኝ የቪዲዮ ካርዱ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ሌሊት ድራይቨር ስቀያይር አደርኩ። ጥፋቱ አንዲት ምልክት ነበረች።

ሲበላሽ ማንን እንጠርጥር

ይህ ሁሉ ልፋት ዋጋ የሚያወጣው ስክሪን ሲያስቸግር ነው። ማውሱ እየተንቀሳቀሰ፣ ሰዓቱም እየቆጠረ መስኮት መጎተት ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ ካልተቻለ፣ ሰርቨሩ ደኅና ነው፤ የታመመው አስተዳዳሪው ነው። ኮምፒውተሩን አያጥፉ፣ ሥራዎ አልጠፋም። በኤክስ ላይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ወደ ጽሑፍ ስክሪን ሄደው በራስዎ ስም ይግቡና ‹ዲስፕሌይ=:0 ኤክስኤፍደብሊውኤም4 --ሪፕሌስ &› ይበሉ። አዲሱ አስተዳዳሪ አሮጌውን ልቀቅ ብሎ ቦታውን ይወስዳል።

አንድ መስኮት ብቻ ከደነዘዘ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። ‹ኤክስኪል› ብለው መስኮቱን ጠቅ ቢያደርጉ ሰርቨሩ የዚያን ደንበኛ ግንኙነት ይቆርጣል። ይህ ጨዋነት የለውም፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል።

አማርኛ ለምንጽፍ አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ አለ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ነው። ኤል እና ዩን ተከታትለን ስንነካ ‹ሉ› የሚሆነው ኢባስን የመሰለ መሃል ላይ የሚቀመጥ ፕሮግራም ሁለቱን ቁልፎች ስለሚያጣምር ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው እየተጻፈ አማርኛው እምቢ ካለ ሰርቨሩንም አስተዳዳሪውንም ተዋቸው፤ ኢባስን እንደገና ያስነሡ። በቁጥር 5 ስክሪናችን ውስጥ ባለው ኤክስተርም አማርኛ መጻፍ የማይቻለውም ለዚሁ ነው፤ ኢባስ ያለው ውጭ፣ በዋናው ስክሪን ላይ ነው።

ሰባት፦ ድንኳኑን ያፍርሱ

በመጨረሻ የዜፈርን መስኮት ከውጭ ይዝጉት። አሁን የሞተው አስተዳዳሪው ሳይሆን ሰርቨሩ ነው። ‹ቶፕ›ም፣ ሰዓቱም፣ ኦፕንቦክስም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ፤ ተርሚናልዎ ላይ ግንኙነቱ ተቋረጠ የሚሉ መልእክቶች ይደረደራሉ። በአምስተኛው ደረጃ ካየነው ሞት ጋር ልዩነቱን ልብ ይበሉ።

ልዩነቱ ዌይላንድን ለመረዳት ይጠቅማል። ክርስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው ይህ አዲስ ሥርዓት ሰርቨሩንና አስተዳዳሪውን አንድ ሰው አደረጋቸው። በኤክስ ማንኛውም ደንበኛ የሌላውን ኪቦርድ መስማትና ስክሪኑን መቅዳት ይችላል፤ የይለፍ ቃል የሚተይብ ሰው ይህን ሲያውቅ ምቾት አይሰማውም። ዌይላንድ ይህን በር ዘጋ፣ በመካከል የነበረውንም የመልእክት ምልልስ አሳጠረ። በምትኩ አስተዳዳሪን እንደ ካባ አውልቆ መቀየር ቀረ፤ እሱ ከወደቀ በተለምዶ ደንበኞቹም አብረው ይወድቃሉ።

በዌይላንድ ላይ ካሉ፣ የትኞቹ ፕሮግራሞችዎ ገና በኤክስ እንደሚሠሩ ማወቂያ ቀላል ዘዴ አለ። ያለ ምንም ቁጥር ‹ኤክስአይስ &› ብለው ያስነሡ፤ አጻጻፉ ኤክስ፣ ኢ፣ ዋይ፣ ኢ፣ ኤስ ነው። ማውስዎን የሚከተሉ ሁለት ዓይኖች ይወጣሉ። ማውሱን በተለያዩ መስኮቶች ላይ እያንቀሳቀሱ ዓይኖቹን ይመልከቱ። በኤክስ ፕሮግራሞች ላይ ሲያልፉ ይከተሉዎታል፤ የዌይላንድ ፕሮግራም ላይ ሲደርሱ ግን ማየት ስላልተፈቀደላቸው ባሉበት ፈዝዘው ይቀራሉ።